እጅ የሚነሱለት መኪና

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?» እንዳትሉኝ ነው። አንዳንዱ ሰው እባብ ይፈራል፣ አንዳንዱ መብረቅ፤ እኔ አላማርጥም። ፖሊስ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እፈራለሁ፣ ስሜን ከነአባቴ አሟልቶ የሚጠራኝን ሰው ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ዲጋ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ እኔም እዚያው ዲጋ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና ምስማር እሸጣለሁ። ገበሬዎቹ «አባ ሶጊዳ» ይሉኛል፣ ባለ ጨው እንደ ማለት ነው። ስሙን እወደዋለሁ፤ ጨው ካልጨረሱ በቀር የሚፈልገኝ ሰው የለም ማለት ነውና።

እንዲህ ያለ ሰው መኪና ልግዛ ብሎ ሲነሳ ምክንያት ይኖረዋል።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴን ጫልቱን የመጀመሪያ ልጃችን ምጥ ያዛት። ሆስፒታሉ ያለው ነቀምት ነው፤ የተገኘው የቡና ጭነት መኪና ነበር። ሹፌሩ ጭነቱ ካልሞላ አልነቃነቅም አለ። እስኪሞላ ጠበቅን። ሞልቶ ስንነሳ ዝናቡ ጣለ፣ መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ስንደርስ ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ልጃችን ግን አልጠበቀም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ ማውራት አልችልም።

አሁን ጫልቱ ዳግም ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ እንዳትንገጫገጭ፣ ምጡም እንደ ጀመራት ቶሎ እንድትደርስ አዞናል። አስቀድማ ነቀምት ገብታ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር አክስቷ ዘንድ እንድትቀመጥ ለመንኳት።

«ሱቁን ለማን ትቼ?» አለችኝ።

«ለእኔ።»

ሳቀች። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያው አለቀ።

ስለዚህ ጭነት እስኪሞላ የማይጠብቅ፣ ወንበሩ ለስላሳ የሆነ፣ መንገድ ላይ የማይበላሽ፣ በዚያ ላይ ያባቴን የቡና ማሳና በቅሎዬን ሸጬ ልገዛው የምችለው መኪና ፍለጋ ወጣሁ። እንዲህ ያለ መኪና አለ ብሎ የሚያምን ሰው ፈሪ ብቻ ሳይሆን ሞኝም መሆን አለበት፤ እኔ ሁለቱንም አሟልቻለሁ።

ነቀምት ደላላ ይዤ መጀመሪያ ያየሁት የአንድ ልብስ ሰፊ መኪና ነበር። በጣም ትንሽ ናት። ሞተሯን ልይ ብዬ ክዳኑን ሳነሳ ከውስጥ ዶሮ ተነሥታ ጮኸችብኝ። እኔም ጮህኩ። ሰውየው ተረጋግቶ «የታቀፈች ናት፣ ጫጩቶቿን እስክትፈለፍል መኪናውን አላስነሳውም» አለኝ። ሁለተኛው የመንገድ ሠራተኞች የተዉት ረጅም መኪና ነው። ጉልበት አለው፤ ግን ባለቤቱ አስነሥቶ አንድ ጊዜ ገበያውን ሲያዞረኝ እኔን ራሴን ምጥ የያዘኝ መሰለኝ። ስወርድ ግንብ ተደግፌ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ደላላው ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የፊታውራሪው ቀርቷል» አለኝ።

የአገሩ ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ካረፉ ከራርመዋል። በቦታቸው ሌላ ሰው ገና አልተሾመም፤ ሕዝቡም አዲሱ ሹም ዛሬ መጣ ነገ መጣ እያለ መንገድ መንገዱን ያያል። የሟቹ ጥቁር አውቶሞቢል ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሊሸጡት ይፈልጋሉ። በነቀምት ከዚያ የሚለሰልስ መኪና አልነበረም። ዋጋውም ከባለ ዶሮዋ መኪና ብዙም አይበልጥም ሲለኝ፣ ሌባ ቢሆን ነው ብዬ ደላላውን መፍራት ጀመርኩ።

ግቢው ስገባ መኪናው ዋርካው ሥር ቆሟል። ጥቁር፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። ምን እንደ ሆንኩ አላውቅም፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳሁ። ቀና ስል ወይዘሮ አስካለ ከበረንዳው ላይ ያዩኛል።

«አንተም!» አሉ በምሬት። «ስንት ገዢ መጣ መሰለህ? ይመጣሉ፣ ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ እጅ ይነሱና ይሄዳሉ። ደፍሮ ዋጋ የጠየቀኝ የለም!»

«እኔማ ልጠይቅ ነበር እመቤቴ...»

«ጠይቃ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዋጋው ለምን እንደ ረከሰ ገባኝ። በወለጋ ምድር እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ደፋር ጠፍቶ ነው።

መኪና የሚያውቅ ሰው ሞተር ያያል። እኔ የማውቀው ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ሲገዛ ይቀመሳል። ክዳኑን ከፍተውልኝ ጎንበስ እንዳልኩ ጣቴን ዘይቱ ውስጥ አስገብቼ ወደ አፌ ሳመጣ አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ የፊታውራሪው የድሮ ሹፌር። «ምን ታረጋለህ አንተ? መድኃኒት መሰለህ?» አሉኝ። ከዚያ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሞተሩ አንድም ቀን ቆሞባቸው እንደማያውቅ በልጆቻቸው ማሉልኝ። ጫልቱ ሳትተኛበት እንዳልገዛ አስጠንቅቃኝ ስለነበር፣ ዲጋ ድረስ ወስደን እንድናሳያት ተስማማን።

ከፊት ልቀመጥ ስል ጋሽ ተሰማ ከለከሉኝ። «የፊቱ የዘበኛ ነው» አሉና የኋላውን በር ከፍተው ቆሙ። ገባሁ። ወንበሩ ዋጠኝ። በሩ እስኪዘጋ «አንተ» ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ፣ ከተዘጋ በኋላ በመስታወቱ አይተውኝ «ይመችዎታል?» አሉ። ያን ጊዜ መውረድ ነበረብኝ።

ከከተማው ሳንወጣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ዱብ ብሎ ወርዶ መሬት እስኪነካ ጎነበሰ። ተማሪዎች መንገድ ዳር ተሰለፉ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አወጡ። እኔ ለሁሉም ከውስጥ ሆኜ አጸፋውን እጅ ስነሳ ጋሽ ተሰማ ተቆጡ። «አይንቀሳቀሱ! ፊታውራሪ አይመልሱም ነበር።»

«እኔ ፊታውራሪ አይደለሁም እኮ ጋሼ!»

«መኪናው ግን ያው ነው።»

«እሺ ፈጠን በሉ እንለፋቸው።»

«ይሄ መኪና ፈጥኖ አያውቅም» አሉ። «ሹም ሲሮጥ አይተው ያውቃሉ?»

በዚያ ዓይነት አካሄድ ወንዙ ጋ ደረስን። በጋ ነውና ውሃው ጎድሏል፤ በውስጡ አልፈን ማዶ ወጣን። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ጥቁሩን መኪና ሲያይ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሸክሙን እየጣለ ሮጠ። ከመሃል አንድ ሽማግሌ ወጥተው መንገዱ ላይ እንዳሉ ተዘረጉ።

«በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ!»

ይህ ቃል ከተጠራ እንኳን ሹም ወንዝም ይቆማል። ጋሽ ተሰማ ሞተሩን አጠፉ። «አቤቱታ ነው» አሉኝ፣ ወንበራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን እየጨፈኑ። «ፊታውራሪ ይሰሙ ነበር። እርስዎም ይሰማሉ እንግዲህ።»

እኔ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ምክንያቱም ከወንዙ ዳር ካለው ኬላ አንድ ሃምሳ አለቃ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ በሩጫ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ተረከዙን አጋጨና ሰላምታ ሰጠኝ። ከሸዋ በቅርብ የተዛወረ ሰው ነው፣ እኔን የት ያውቀኛል! ክው አልኩ። ጨው ሻጭ ነኝ ልበል? ታዲያ የሹም ሰላምታ ለምን ተቀበልክ ቢለኝስ? የሹም መኪና ውስጥ ምን ትሠራለህ ቢለኝስ? ዝም ልበል? ዝም ማለቴ ራሱ ሹም ነኝ ማለት ቢሆንስ? ይህን ሳስብ ምላሴ ደረቀ፣ ዓይኔ ፈጦ ቀረ፣ ሃምሳ አለቃው ላይ ሳላርገበግብ አፈጠጥኩ። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ ኋላም አንድ እርምጃ ሸሸ።

ሽማግሌው አቧራቸውን አራግፈው ቀና ሲሉ አወቅኋቸው። ኦቦ ጉተማ ናቸው! ለከብቶቻቸው ጨው ከእኔ ሌላ ከማንም ገዝተው የማያውቁት ኦቦ ጉተማ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ከበፊቱ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

«ያ ጎፍታ!» አሉ፣ ጌታዬ ማለታቸው ነው። «ድልድይ የለንም። ሟቹን ጌታ ለመንን፣ ይሠራል አሉ፣ ሞቱ። ክረምት ሲመጣ በሽተኛው እዚህ ይቀራል፣ ምጥ የያዛት እዚህ ትቀራለች። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ከነባሏ በቡና መኪና መጣች። ውሃው ሞላ። እዚህ ነው፣ እዚህ ዛፍ ሥር። እኛ ቆመን አየን እንጂ ምን እናድርግ? ባልየው ዛፉን ይዞ ሲያለቅስ... ማሎ ጎፍታ፣ እባክህ!»

ዛፉን አየሁት። አውቀዋለሁ።

አንድ ቃል ብናገር እንባዬ እንደሚያመልጠኝ ስላወቅሁ ራሴን ነቀነቅኩ። ትእዛዝ አልነበረም፤ ሌላ የማደርገው አጥቼ ነው።

«ታዟል!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው። ሕዝቡ እልል አለ። አንዲት ሴት በመስኮቱ የማር ቅል አስገባች፣ ሌላው በግ ሊያስገባ ሲታገል ጋሽ ተሰማ ሞተሩን አስነሡ።

ዲጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የከተማው ሰው በሙሉ ወጥቶ እጅ ሲነሳ ከመኪናው የወረድኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ጎረቤቴ ልብስ ነጋዴው «ኧረ ባለ ጨው ነው!» ሲል ግርግር ሆነ። ሰው እንደዚያ ሲናደድ አይቼ አላውቅም። «በዚህ ወገቤ የነሳሁህን እጅ አሁኑኑ መልስልኝ!» አለኝ ልብስ ነጋዴው። ሌሎቹም የእኛንስ የእኛንስ አሉ። ምን አደርጋለሁ፣ እያንዳንዳቸው ፊት እየቆምኩ አንድ በአንድ እጅ ነሳሁ። አንዳንዱ ሳይነሳም ያስመለሰ ይመስለኛል።

ጫልቱ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ከዚያ መጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተጋደመች። ግራ ዞረች፣ ቀኝ ዞረች። «ይመቻል» አለች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ሆነ። ቀጥላ ግን «መንገድ ላይ ምን ነበር ያ ሁሉ ሰው?» አለችኝ። የወንዙን ነገር፣ ስለ ዛፉ ያሉትን ብቻ አስቀርቼ፣ ነገርኳት። ተነሥታ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምጥ ይዞኝ በዚህ ስሄድ በየመንገዱ አቤት እያሉ ሊያስቆሙኝ ነው?»

«ሞተሩ እኮ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም...»

«ሞተሩ አይቆምም፤ ሰው ያቆመዋላ! የሚታመን መኪና ማለት የሚያደርስ ነው። ይኸኛው እጅ ሲነሱለት ይውላል እንጂ የት ያደርሳል? መልሰው።»

መኪናው ተመለሰ። ማሩ ግን ቀረ፣ እሱን ደግሞ ስበላው እንኳ እየፈራሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊያስሩኝ የመጡ ይመስለኛል። ሹም ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቅጣቱ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ ለምን ጠየቅህ እንዳይሉኝ ደግሞ እፈራለሁ። አንድ ቀን ጨው ስሰፍር ደጁ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል ሃምሳ አለቃው ራሱ ነው! ጆንያው ኋላ ተጎንብሼ ፊቴን ከነጭራሹ ጨው ውስጥ ልቀብረው ምንም አልቀረኝ።

«ባለ ሱቅ!» አለ። «ለድልድዩ ምስማር አውጣ። ገበሬው እንጨት ያወጣል፣ ነጋዴው ምስማር። የክቡርነታቸው ትእዛዝ ነው።»

«የ... የማን?»

«የአዲሱ ሹም ነዋ! አላየሃቸውም? እንዲህ ያለ አስፈሪ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ዓይናቸውን ብቻ ሲያፈጡብኝ ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች። አሁንም በሕልሜ ይመጡብኛል።»

በራሴ ትእዛዝ ራሴን ፈርቼ ያለኝን ምስማር ሁሉ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አውጥቼ አስረከብኩ። መዶሻም ጨመርኩ።

ሐምሌ ገባ። ዶፉ ሳያቋርጥ ይወርድ በነበረ አንድ ጠዋት ጫልቱ ሚዛኑን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «ጪኒንሱ» አለችኝ፤ ምጥ ነው። ሐኪሙ ካለው ቀን ቀድሞ መጣ። ያው የቡና ጭነት መኪና ተገኘ፤ ያ ሹፌር ግን ዛሬ ስለ ጭነት ቃል አልተነፈሰም፣ ሳንጠይቀው አስነሣ። ለጫልቱ ጆንያዎቹ ላይ ፍራሽ ዘረጋንላት። በየጉድጓዱ ስንዘል እጄን ጨብጣ አጥንቴን ልትሰብረው ደረሰች፤ የምንሄደው ግን ወደዚያ ዛፍ መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን አንዳችንም አላነሳነውም።

ወንዙ ሞልቷል። ድልድዩም አለ! አዲስ፣ ወፍራም የዋንዛ ግንድ፣ የእኔ ምስማር የተመታበት። በዚህ በኩል ግን ጭነት መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፣ ድልድዩ አፍ ላይ ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ፊት ሃምሳ አለቃው ካፖርቱን ደርቦ እንደ ግንድ ተተክሏል።

«ክቡርነታቸው መጥተው ሳይመርቁት ጎማ አይነካውም!» ይላል። ሹፌራችን ለመነው፣ ምጥ የያዛት አለች አለው። «እኔም አዝናለሁ» አለ፤ በእውነትም አዝኗል። «ግን ሰውየውን አታውቃቸውም። ያርዱኛል።»

ከላይ ጫልቱ ጮኸች። ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ፣ የዚያን ክረምት እዚሁ ሰምቼዋለሁ። ዘልዬ ወረድኩ። ሁሉን ልናዘዝ ነው፤ እኔ ነኝ፣ ያልሆንኩትን ሆኜ የተቀመጥኩ እኔ ነኝ፣ እሰረኝ፣ እሷ ግን ትለፍ። ጭቃውን እየረገጥኩ ፊቱ ድረስ ሄድኩና አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። እንደገና ከፈትኩ። የለም። ምላሴ ደረቀ፣ ዓይኔ ብቻ ፈጦ ቀረ።

ሃምሳ አለቃው አየኝ። ዓይኑ ከበሰበሰው ጋቢዬ እስከ ጭቃማው እግሬ ወረደ፣ ተመልሶ ዓይኔ ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ ራሱን ችሎ ወደ ግንባሩ ወጣ።

«ክ... ክቡርነትዎ!»

«እጅ ንሱ! አዲሱ ሹም ናቸው!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ኦቦ ጉተማ ናቸው። በዝናብ ቆሞ የነበረው ገበሬ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ሽማግሌው እየጎነበሱ ጆሮዬ ድረስ መጡና በሹክሹክታ «ሂን ሶዳቲን፣ አባ ሶጊዳ» አሉኝ። አትፍራ ማለት ነው። «ያን ቀንም አውቄሃለሁ። አንተን ያላወቅሁ ማንን ላውቅ ነው? ዛፉ ሥር የያዝኩህ እኔ አይደለሁም? ሹም ሲጠፋ በመኪናው የመጣውን ያዝን። በል ዴሚ፣ ሂድ!»

ወደ ድልድዩ እጄን አነሳሁ። ገመዱ ተፈታ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ እዚያው ልቀር ነበር፤ በጭቃው ሮጬ ኋላውን ስይዝ ሃምሳ አለቃው ራሱ ከሥር ደግፎ ቡናው ላይ ወረወረኝ።

«ክቡርነታቸው በጭነት መኪና?» ሲል ሰማሁት።

«ኩራት አያውቁም» አሉት ኦቦ ጉተማ።

ግንዱ ከሥራችን ተንቋቋ፣ ውሃው ጮኸ፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ዛፉ ከወንዙ ማዶ ከኋላችን ቀርቷል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስመላለስ ቆየሁ። ከቀትር በኋላ ነርሷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ቀይ ነገር ይዛ ወጣች። ሴት ናት። ትጮኻለች። ጫልቱስ ብላት «ሱቁን ማን ይዞታል እያለች ነው» አለችኝ።

በዕድሜዬ ያልነሳሁት እጅ የለም፤ ለሹም ነስቻለሁ፣ ለፖሊስ ነስቻለሁ፣ ለቆመ መኪና ነስቻለሁ፣ ሁሉንም ፈርቼ ነው። ያን ቀን ባርኔጣዬን አውልቄ ለዚያች ለምትጮኸው ልጅ መሬት እስኪነካ ጎነበስኩ። ይህኛውን ሳልፈራ ነው የነሳሁት፤ ማንም እንዲመልስልኝም አልፈልግም።